«ዝሆኔ አይተላለፍም» የሚባለው በምን ተረጋግጦ ነው?

የማርቆስ ልጅ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነው። ልጅቱን ቤተሰቡ ሁሉ ወዷታል፤ ሽማግሌ ተልኮ ቃል ተሰጥቷል። ነገር የተበላሸው እናቷንና አጎቷን ካየን በኋላ ነው። የሁለቱም እግር ከጉልበት በታች አብጧል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው በሽታ ነው። እናትየዋ ቤታችን መጥተው ቡና ጠጥተው ሲሄዱ አክስቴ የጠጡበትን ስኒ ለብቻው በፈላ ውኃ ስታጥብ አየሁ። ልቤ ቆሰለ። አባቴ ደግሞ «የሚተላለፍ እንኳ አይመስለኝም፤ የዘር ነገር ነው። እንዲህ ያለ ዘር ግን ቤቴ አይገባም» አለ።

የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጥታ አስረዳች። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ የሚያመጣው በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ መሄድ ነው አለች። አባቴ በትሕትና አዳመጣትና እንዲህ ሲል ጠየቃት፦ «ልጄ፣ እኔ ይህንኑ አፈር ከልጅነቴ ጀምሮ በባዶ እግሬ አርሼዋለሁ። እግሬ ይኸውልሽ። አፈር ከሆነ እኔን ለምን ተወኝ?» መልስ አልነበራትም። እኔም አልነበረኝም።

እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት የተማርኩት ዝሆኔ በትንኝ የሚተላለፍ ትል ያመጣዋል የሚል ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ትንኝ፣ ዘር፣ አፈርና ንክኪ የሚሉ አራት ምክንያቶች ይዘን ተቀምጠናል። «ሳይንስ አረጋግጦታል» የሚለው ቃል አባቴን አያሳምነውም፤ እውነት ለመናገር እኔንም አያሳምነኝም። ማወቅ የምፈልገው እንዴት እንደተረጋገጠ ነው። ማን ምን አደረገ? ምን አይቶ ነው ይኼኛው ነው፣ ያኛው አይደለም ያለው? አባቴ ምክንያቱን በቅደም ተከተል ካስረዱት የሚቀበል ሰው ነው። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

አሮጌው ማይክሮስኮፕ

ልጄ፣ በመጀመሪያ አባትህን አመስግንልኝ። እርሳቸው ያነሡት ጥያቄ ይህን በሽታ ያጠኑ ሐኪሞችን ለብዙ ዓመታት ያስጨነቀ ጥያቄ ነው። መልስ አለው፤ እደርስበታለሁ። ግን ከትንኙ ልጀምር፤ ምክንያቱም አስተማሪህም አልተሳሳተም።

እኔ ዕድሜዬን ላብራቶሪ ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ደም፣ አክታና ሰገራ ስመረምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። እግርን እንደ ዝሆን እግር የሚያሳብጥ፣ በትንኝ የሚተላለፍ ትል በእርግጥ አለ፤ ዉቸሬሪያ ባንክሮፍቲ ይባላል። ትንኝ በዚህ ነገር ውስጥ እጇ እንዳለበት ያሳየው ፓትሪክ ማንሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነው። በ1877 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ አሞይ በሚባል ወደብ ሲሠራ ትሉ በደሙ ያለበትን ሰው ትንኞች እንዲነክሱት አደረገ። ከዚያ ትንኞቹን እየከፈተ ትሉ ሆዳቸው ውስጥ ሲያድግ ተከታተለ። ቆየት ብሎም የትሉ ልጆች ቀን ቀን ከደም ጠፍተው ሌሊት እንደሚወጡ አረጋገጠ። በዚህ ምክንያት እኛም ወደ ቆላ ለሥራ ስንወርድ ናሙና የምንወስደው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነበር። የተኛ ገበሬ ቀስቅሰህ «ጣትህን ልውጋህ» ማለት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ቀድመህ የመንደሩን ሽማግሌዎች ካላስረዳህ የሚከፍትልህ በር የለም። ትሉ በአገራችን አለ፤ እንደ ጋምቤላ ባሉ ሞቃት ቆላማ ቦታዎች ተገኝቷል።

እንግዲህ አንድ ሐኪም ደጋ ላይ ያበጠ እግር ሲያይ በመጀመሪያ የሚያስበው ይህንኑ ትል ነው። ይህ መላ ምት ይባላል፤ ምክንያት ያለው ግምት ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የተመራማሪ ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው፦ «ግምቴ እውነት ከሆነ ሌላ ምን ማየት አለብኝ? ውሸት ቢሆንስ በምን አውቃለሁ?» ብሎ ሲጠይቅ።

እነዚህን ጥያቄዎች ደጋ ላይ አንሥቶ እስከ መጨረሻው የተከታተለው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ኢትዮጵያ የመጣው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሊያክም ነበር። የሚመጡለት ሰዎች እግር አብጦ ያያል፤ ደማቸው ሲመረመር ትሉ የለም። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እኔም ለተማሪዎቼ አጥብቄ የምነግራቸው ነገር ይህ ነበር። ባዶ ስላይድ፣ ማለትም ትል ያልታየበት የደም ናሙና መስታወት፣ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። በትሉ ምክንያት እግሩ ያበጠ ሰው በሽታው ከቆየ በኋላ ብዙ ጊዜ ደሙ ውስጥ ትል አይገኝበትም። ስለዚህ «በታማሚው ደም ውስጥ አላየሁም» ብለህ ትንኟን ነጻ ልታወጣት አትችልም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ጤነኛ ጎረቤቶቹን ትመረምራለህ። ትሉ በመንደሩ የሚዞር ቢሆን እግራቸው ገና ያላበጠ ብዙ ሰዎች ሌሊት ሌሊት በደማቸው ይዘውት ይገኙ ነበር። አልተገኘም። እብጠቱ ከየት እንደሚጀምርም ትጠይቃለህ። የትንኙ በሽታ ብዙ ጊዜ አንድ እግር ያጠቃል፣ ከብሽሽት አካባቢም ሊጀምር ይችላል፣ ወንዶችንም የቆለጥ ከረጢታቸውን ያሳብጣል። የደጋው ከእግር ጣትና ከመርገጫው ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም። የአየሩም ጠባይ አለ። ትሉ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል፤ የአንተ አገር ደብረ ማርቆስ ብርዱን ታውቀዋለህ። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ቢሆን እኔም አላምንም ነበር። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጠቁሙ ግን ትንኟ ከደጋው ተጠያቂነት ወጣች። በኋላ ደግሞ የትሉን ምልክት ቀን ላይ ከጣት በተወሰደ ደም የሚለይ የካርድ ምርመራ መጣ። በ2013 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ1,300 በላይ በሆኑ መንደሮች ወደ 130 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ሲታዩ ሁለቱን በሽታዎች ለመለየት አንዱ መሣሪያ ይኸው ካርድ ነበር። ከታዩት ሰዎች 4 በመቶ የሚሆኑት የደጋው ዝሆኔ ነበረባቸው። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ይህ ነው።

አሁን ወደ አፈሩ። ፕራይስና ከእርሱ በፊት ኦመን የተባለ ሐኪም ያደረጉትን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የገበያ ቀን እየጠበቁ ገበያ ላይ ያበጠ እግር ያላቸውን ሰዎች ቆጠሩ። ገበሬው ከየአቅጣጫው የሚሰበሰበው እዚያ ነውና ብዙ ገንዘብ ሳያወጡ የሰፊ አገር ሥዕል አገኙ። ቁጥሩን ከቦታው ከፍታ፣ ከዝናቡና ከአፈሩ ዓይነት ጋር ሲያስተያዩት በሽታው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ ጭቃማ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ ላይ ተከማችቶ ተገኘ። ከዚያ ወጣ ስትል ይጠፋል።

ግን ካርታ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። በዚያ አፈር ውስጥ የሚኖር ትል ወይም ተሕዋስ ቢሆንስ? መንጠቆ ትልም እኮ በባዶ እግር በኩል ነው የሚገባው። ስለዚህ ፕራይስ የሕሙማኑን የብሽሽት ንፍፊት በቀዶ ሕክምና ወስዶ በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ እንዲታይ አደረገ። ውስጡ ከአፈሩ የመጡ እጅግ ደቃቅ የሲሊካና የአሉሚኒየም ብናኞች ተገኙ። ከእግር ፈሳሽን ወደ ላይ የሚመልሱት ቀጫጭን የሊምፍ ቱቦዎች ደለል እንደሞላው የመስኖ ቦይ ይደፈናሉ፤ ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል። ይህም ቢሆን ገና «አብረው ተገኙ» ከማለት አያልፍም። ብናኙ ያንን ጉዳት ማድረስ ይችላል ወይ ለሚለው በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ አለ። የሲሊካ ብናኝ ወደ ጥንቸሎች የሊምፍ ቱቦ ገብቶ ቱቦው ሲቆጣ፣ ሲጠነክርና ሲደፈን ታየ።

አሁን አባትህ። ብናኙ የተገኘው በሕሙማኑ ንፍፊት ብቻ አልነበረም፤ በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ጤነኞችም ውስጥ ተገኝቷል። አየህ፣ አባትህ ስለ እግራቸው የተናገሩት ነገር ማይክሮስኮፕ ሥርም ታይቷል! የእርሳቸውም ንፍፊት ቢታይ ምናልባት አፈሩ ይገኝበት ይሆናል። ደካማ ተመራማሪ እዚህ ላይ ውጤቱን ደብቆ ያልፋል። ጥሩው ደግሞ «አፈሩ የግድ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ሌላው ነገር ምንድን ነው?» ይላል። ያ ሌላው ነገር ሲፈለግ ወላይታ ውስጥ በቤተሰቦች ላይ ጥናት ተደረገ። የታማሚ ወንድም ወይም እህት በበሽታው የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ እዚያው አካባቢ የ194 ሕሙማንንና የ203 ጤነኞችን ዘረመል አነጻጸሩ። ልዩነቱ የታየው የሰውነት መከላከያ ባዕድ ነገርን የሚለይባቸው ዘረመሎች ባሉበት ስፍራ ነው። አንዳንዱ ሰው ሰውነቱ ብናኙን ዝም ብሎ ይሸከመዋል፤ የሌላው ሰው ሰውነት ደግሞ ይቆጣበታል።

ስለዚህ አባትህም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ተጋላጭነቱ በዘር ይወርዳል። በሽታው ግን አይወርድም፤ እግር አፈሩን ካላገኘው ዘረመሉ ብቻውን ምንም አያደርግም። ይህ በዓይን የታየ ነገር ነው፤ ፕራይስ የድሮ ጽሑፎችን አገላብጦ ይኸው በሽታ ቀድሞ በሰሜን አፍሪካ፣ በፈረንሳይ፣ በአየርላንድና በስኮትላንድ እንደነበረና ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ሲለምድ እንደጠፋ አሳይቷል። የእነዚያ አገሮች ሕዝብ ዘር አልተለወጠም። የተለወጠው የእግሩ መሸፈን ነው።

ስኒዋን በፈላ ውኃ ላጠቡት አክስትህ ደግሞ ይህን ጥያቄ አቅርብላቸው፦ በንክኪ የሚተላለፍ ቢሆን በሽታው ማንን መከተል ነበረበት? በአንድ አልጋ የሚተኛውን ባል፣ እግሩን የምታጥበውን ምራት፣ ከታማሚ ጋር ከተማ ገብቶ ጫማ አድርጎ የሚኖረውን ልጅ መከተል ነበረበት። የሚከተለው ግን የሥጋ ዘመድንና ባዶ እግርን ነው።

ነርሷ ከሶዶ

ጋሼ የጻፉትን አንብቤ ደስ አለኝ፤ ብዙ ጊዜ በቃሌ ለማስረዳት የምደክምበት ነገር ነው። እኔ የምጨምረው ከማከሚያ ክፍሉ ነው፤ ምክንያቱም ሕዝቡ «ይተላለፋል» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይህ በሽታ ያለበት ሰው በየጊዜው ይነሣበታል። ድንገት ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ እግሩ ይግላል፣ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ይወጣል፣ ለቀናት ከአልጋ አይነሣም። የተሰነጠቀው ቆዳ ሲቆስል ይሸታል። ቁስሉን ጠርጎ ላብራቶሪ የላከ ሰው ባክቴሪያ ያገኝበታል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲሰጥ ትኩሳቱ ይበርዳል። ይህን ያየ ሰው «ተሕዋስ አለበት፣ በመድኃኒትም ተሻለው፣ እንግዲያው ተላላፊ ነው» ቢል አልፈርድበትም።

ግን ትኩሳቱ በረደ እንጂ እብጠቱ የት ሄደ? እብጠቱ እዚያው ነው። ባክቴሪያው ቀድሞ በተጎዳ እግር ስንጥቅ የገባ እንግዳ ነው፤ በሽታውን የጀመረው እርሱ አይደለም። አንድን ተሕዋስ ቁስል ውስጥ ማግኘትና የበሽታውን መነሻ ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ባለመለየት ሰዎች ለዓመታት መርፌ ሲወጉ ኖረው እግራቸውን የሚያጥብላቸው አላገኙም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

እግር ማጠብስ በእርግጥ ይጠቅማል ወይ? ይህም ተፈትኗል፤ የተፈተነውም በአንተው አገር በምሥራቅ ጎጃም ነው። 696 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ እግርን በየቀኑ ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ያለበትን ሕክምና ወዲያው ጀመሩ። ሌሎቹ ያንኑ ሕክምና ከዓመት በኋላ አገኙ። ዕጣው ለምን አስፈለገ ብትል፣ ምርጫው ለእኛ ቢተው ብርቱውንና ለክሊኒኩ ቅርብ የሆነውን ሰው ሳናውቀው ወደ ሕክምናው እንወስደዋለን፤ በኋላም የተሻለው በሕክምናው ይሁን በብርታቱ መለየት አንችልም። ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሕክምናውን ወዲያው የጀመሩት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲነሣባቸው፣ በተጠባባቂዎቹ ላይ 23.9 ጊዜ ተነሣባቸው። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ካለ፣ አንዱ መነሣት ሰውን ስንት ቀን ከእርሻና ከገበያ እንደሚያስቀር ይጠይቅ። እኔን ያስደነገጠኝ የመጀመሪያው ቁጥርም ጭምር ነው። ታክሞ እንኳ በዓመት 19 ጊዜ የሚወድቅ ሰው ነው ማኅበሩና ሠርጉ ላይ አትቀመጥብን የምንለው።

ጠያቂ አያጣም

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን አንድ ተቃውሞ አለኝ። የጨጓራ ቁስለትን አስታውሱ። ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት በጭንቀትና በአሲድ ብዛት ይመጣል፣ ተሕዋስ የለበትም ሲሉ ኖረው ኋላ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ። በሽታው በቤተሰብ ውስጥም ይታይ ነበር፤ ያንንም ዘር ነው ይሉት ነበር። እዚህስ ገና ያልታየ ቫይረስ ወይም ሌላ ተሕዋስ እንደሌለ በምን እርግጠኛ ሆናችሁ? «አላገኘነውም» እና «የለም» አንድ ናቸው?

አሮጌው ማይክሮስኮፕ

አንድ አይደሉም። ጥሩ ተቃውሞ ነው፤ በቁም ነገር ልመልስልህ።

በጨጓራው ታሪክ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ባሪ ማርሻል የተባለው አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን በፈሳሽ አድርጎ መጠጣቱን ነው። ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ፤ ቁስለት ግን አልያዘውም። አንድ ሰው ጠጥቶ መታመሙ ድፍረት ነው፤ ጥርጣሬን ያነሣሣል፣ ክርክሩን ግን አይዘጋም። ክርክሩን የዘጋው ሌላ ነገር ነው። ሕሙማን በሁለት ተከፍለው ባክቴሪያው የጠፋላቸው ሰዎች ቁስለታቸው ሳይመለስ ሲቀር፣ አሲድ መቀነሻ ብቻ የወሰዱት ግን መድኃኒቱን ሲያቆሙ ቁስለቱ ተመለሰባቸው። ይኸውልህ ልዩነቱ፦ ምክንያቱን አስወግደህ በሽታው ሲቀር ታያለህ።

የአንተን ቫይረስ በዚሁ መንገድ እንፈትነው። ካለ፣ ከሰው ጋር ይጓዛል። ከደጋ ወጥቶ ሌላ ዓይነት አፈር ያለበት ቦታ የሰፈረ ሰው ይዞት ሄዶ እዚያ ያሉ ጎረቤቶቹን ባስያዘ ነበር። በሽታው ግን ቀዩን አፈር ለቆ አይሄድም። ቫይረሱ ከአፈሩ አይወጣም ብትለኝ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ማለትህ ነው፤ የዚህ ቤተሰብ ጥያቄ ደግሞ ያው እርሱ ነው። ጫማ ይከላከለዋል ብትለኝም እንደዚያው።

ገና ያልተቋጨው ሌላ ነው። በአፈሩ ውስጥ ካሉት ማዕድናት ዋናው ጎጂ የትኛው እንደሆነ እየተጠና ነው፤ ከሲሊካ ሌላ ስሜክታይትና ሚካ የሚባሉ ማዕድናት ከበሽታው ስርጭት ጋር አብረው ታይተዋል። የሰውነት መከላከያው እንዴት እንደሚቆጣም ብዙ ይቀራል። ነገ አንድ ሰው ጫማቸውን ከልጅነታቸው ጀምሮ አውልቀው በማያውቁ፣ ቀይ አፈር ረግጠው በማያውቁ ሰዎች መካከል ይህንኑ በሽታ ቢያሳየኝ እኔ የጻፍኩትን ሁሉ እንደገና አስበዋለሁ። ሐሳቤን የሚያስለውጠኝ ማስረጃ ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሜ መናገር ካልቻልኩ ሳይንስ ተናገርኩ ማለት አይገባኝም።

ደግሞ ልብ በል፤ ስሕተት በሁለቱም በኩል ይገድላል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ፔላግራ የሚባል ቆዳን የሚልጥ፣ አእምሮን የሚነካ በሽታ ነበር። ተላላፊ ነው ተብሎ ታምኖ ሕሙማን ይገለሉ ነበር። በ1914 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ጎልድበርገር የተባለ ሐኪም እንዲያጠናው ተላከ። በሕሙማን መጠለያዎችና በወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ ነዋሪዎቹ ሲታመሙ ከእነርሱ ጋር የሚውሉት ሠራተኞች እንደማይታመሙ አስተዋለ። ይህቺ አንዲት ትዝብት ናት ወደ ምግቡ የመራችው። ምግባቸውን ሲያሻሽል በሽታው ቀረ። የሚጠራጠሩትን ለማሳመን የሕሙማንን ደም ለራሱና ለባልደረቦቹ በመርፌ አስወጋ፤ ማንም በፔላግራ አልታመመም። በዝሆኔ ሕሙማን ዘንድ ያለውን መገለል ባየሁ ቁጥር እርሱ ትዝ ይለኛል። ተላላፊ ያልሆነን በሽታ ተላላፊ ማለት ሰውን ከነሕይወቱ መቅበር ነው።

የማርቆስ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ለአባቴ በቅደም ተከተል አስረዳሁት። ትንኟ እንዴት ነጻ እንደወጣች ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠ። ብናኙ በጤነኞችም ንፍፊት ውስጥ ተገኘ ስለው ግን ቀና ብሎ «ይኼን ነው እኔ የጠየቅሁት» አለ። የገበያው ቆጠራም ገባው፤ የአማኑኤልን ገበያና ወደ ቆላ ሲወረድ ያሉትን ገበያዎች እያነጻጸረ ራሱ መቁጠር ጀመረ። አክስቴ ገና ናት፤ ስኒውን አስመልክቶ ግን ሁለተኛ አላነሣችም።

አሁን የአባቴ ጥያቄ አንድ ነው፤ ከባዱም ይኸው ነው። «ተጋላጭነቱ ከወረደ የልጅ ልጆቼስ?» ይላል። ለእናትየዋስ አሁን ምን ማድረግ ይቻላል? ሕመሙ ከቆየ ይድናል ወይ?

ነርሷ ከሶዶ

ለአባትህ ሳልሸፋፍን እነግራቸዋለሁ። የልጅ ልጆቻቸው ከሌላው ሕፃን የበለጠ ተጋላጭ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ማለት መራመድ ሲጀምሩ ጫማ ይደረግላቸዋል፤ በጭቃም በእርሻም በትምህርት ቤት መንገድም። ማታ ማታ እግራቸው በሳሙና ይታጠባል። የቤቱ ወለል አፈር ከሆነ በምንጣፍ ወይም በሲሚንቶ ይሸፈናል። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ያላደገ ልጅ በዚህ በሽታ አይያዝም። ከዚህ የቀለለ መከላከያ ያለው በሽታ ብዙ አላውቅም። ደግሞ አባትህ ራሳቸው ዘረመላቸው ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ስለዚህ ጫማው ሙሽራዋ ከሌላ ቤት ብትመጣም ለልጆቹ ያስፈልጋል።

እናትየዋን በተመለከተ፣ ለብዙ ዓመታት ያበጠ እግር ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥም። ይቀንሳል፣ ይለሰልሳል፣ ሽታው ይጠፋል፣ የሚነሣባቸውም ጊዜ ይቀንሳል። በየቀኑ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፣ በጣቶች መካከል ያለውን እያንዳንዱን ስንጥቅ ሳይቀር። ከዚያ ትንሽ በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ እግራቸውን ይዘፍዝፉ፤ መጠኑን ግን ከጤና ጣቢያ ይጠይቁ፣ በግምት የተደረገ ቆዳ ያቃጥላል። በሚገባ ያድርቁት፤ እርጥበት ከቀረ ሁሉም ከንቱ ነው። ቫዝሊን ይቀቡ። ሲቀመጡ እግራቸውን ከፍ ያድርጉ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ። ፋሻ አስተሳሰሩን የሚያውቅ ሰው ያሳያቸው። የሚበቃቸው ጫማ ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ በልካቸው የሚሠራ ጫማ ሠሪ ፈልጉላቸው። ትኩሳት ከመጣባቸው ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ያኔ መድኃኒቱ ያስፈልጋቸዋል።

የሚያጥባቸው ሰው ጓንት ባያደርግም ዝሆኔ አይይዘውም። እኔ የስንቱን እግር በእጄ አጥቤያለሁ። ቁስል ካለ ግን ጓንት ይደረግ፤ እርሱ ለማንኛውም ቁስል ነው። አክስትህ ፈቃደኛ ከሆኑ አንድ ቀን አብረው ጤና ጣቢያ ይምጡና እንዴት እንደሚታጠብ ይመልከቱ፤ በየሳምንቱ የሕክምና ቀን ያላቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ፣ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የትኛው እንደሆነ ጠይቋት።